የተመልካች አፍ

ምንም ሥራ የሌለው ሰው ከሁሉም በላይ የሚናገርበት ቦታ ቢኖር የጨዋታ ሜዳ ዳር ነው። ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ተመልካቹ ደግሞ ሁለቱንም ያርማል። ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፣ አንዳንዴም የመግቢያዋን እንኳ አልከፈለ፤ ኳሷ ወዴት መሄድ እንደነበረባት ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያውም ከሄደች በኋላ!

እንዲህ ዓይነቱን ሊቅ በብዛት ማየት የፈለገ ሰው ፍኖተ ሰላም ከሚገኙት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ቆርቆሮ ቤት፤ በሩ ላይ የደበዘዘ መጋረጃ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጨለማ፤ በጨለማው መሐል የሚያበራ አረንጓዴ ሜዳ። ጆይስቲክ የያዙት ሁለት ልጆች ናቸው። የቀረው አግዳሚ ላይ ተደርድሯል፤ ቦታ ያጣው ግድግዳ ተደግፏል። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። አግዳሚው ላይ ያለው ግን አይሸነፍም፣ አይከፍልም። ድፍረቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

«ስጠው!»

«ምታ እንጂ!»

«ቆይ፣ አትምታ! ዙር!»

«ከኋላህ! ከኋላህ!»

«እነሱን አትስማ፣ ዝም ብለህ ሩጥ!»

ይህ ሁሉ ትእዛዝ የሚወርደው በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ልጅ አውራ ጣት ላይ ነው። ልጁ አምስቱንም ቢታዘዝ ኖሮ ጣቱ ከመጋጠሚያው ይወልቅ ነበር። ደግነቱ አንዱንም አይሰማም። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ የሚናገሩትም እንደማይሰማቸው ማወቃቸው ነው። ጎሉ ሲገባ «ነገርኩት!» የሚሉት አምስቱም ናቸው፤ ሲስትም «ነግሬው ነበር!» የሚሉት እነዚያው አምስቱ።

ይህ የአግዳሚ ልማድ በውጭው ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሥራ ሆኗል። ሌላው ሰው የኮምፒውተር ጨዋታ ሲጫወት ቁጭ ብሎ የሚታይበት ትዊች የተባለ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ፤ በ2014 አማዞን በ970 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያው ዓመት «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» የተባለው ጨዋታ የዓለም ፍጻሜውን ሴኡል ላይ ሲያካሂድ፣ 40,000 ያህል ሰው ስታዲየም ገብቶ አሥር ወጣቶች ኮምፒውተር ሲነካኩ ተመለከተ። ቦታው በ2002 ጀርመንና ደቡብ ኮሪያ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የተፋለሙበት የሴኡል የዓለም ዋንጫ ስታዲየም ነው። በእንዲህ ዓይነት ትልልቅ ውድድሮች ተጫዋቾቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ይቀመጣሉ፤ ከተመልካቹ መሐል «ከኋላህ!» የሚል ሰው ምስጢር እንዳያወጣባቸው። የፍኖተ ሰላም አግዳሚ ይህን ቢሰማ ከልቡ ያዝን ነበር። ማን ይምከራቸው ታዲያ?

ቤቱ ሆኖ የሚያየው ተመልካች ግን አፉ አልተለጎመም። ከስርጭቱ ጎን ኮመንት የሚጻፍበት ጠባብ ዓምድ አለለት። ተመልካቹ ጥቂት ሲሆን ዓምዱ ጨዋ የቡና ወሬ ነው፤ «እንዴት ዋልክ» ለሚል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል አይጠፋም። ተመልካቹ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሲሆን ግን ጽሑፉ ወደ ላይ መሸሽ ይጀምራል፤ ጨርሶ የሚያነብ ቀርቶ ጀምሮ የሚያነብም ይጠፋል። አስተዋይ ሰው ገብቶ «ይህ ቡድን በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ስልት ወደ ኋላ እንዳይጎዳው እሰጋለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ አራት ነጥቡን ሳያሳርፍ ሐሳቡ ከነስጋቱ ተጠርጎ ይሄዳል። የሚታየው አንዲት ሳቂታ ፊት የለጠፈው ሰው ነው፤ ያችኑ ፊት ሌላ ሺህ ሰው አብሮት ለጥፏታልና።

እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን የጽሑፍ ጎርፍ ያጠኑ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ቦኒ ናርዲ የተባሉት አንትሮፖሎጂስት ከመካከላቸው ናቸው። ለሩቅ ተመልካች ሁካታ የሚመስለው ነገር ለገቡበት ሰዎች ሥርዓት እንዳለው ጻፉ። ቃሉ ያጥራል፤ ያንኑ መልሶ መላልሶ ማለት ነውር አይደለም፤ ሺው ሰው በሺ አንደበት አይናገርም፣ ከጥቂት የታወቁ ድምፆች አንዱን መርጦ በዚያ ይጮኻል እንጂ።

ለዚህ ጥናት ካሊፎርኒያ ድረስ መድከም አያስፈልግም ነበር። ቡሬ መጥቶ ቅዳሜ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ይበቃል። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የጨዋታ ሰሌዳ አለ፤ ውስጡ ረድፍ በረድፍ አግዳሚ ነው። ከዘይት ፋብሪካው ተረኛነቱን ጨርሶ የመጣ ሠራተኛ አለ፤ ቀኑን በርበሬ ሲመዝን ውሎ ልብሱን ሳይቀይር የገባ ነጋዴ አለ፤ እሱ በገባ ቁጥር ሦስት ረድፍ ያስነጥሳል። መቶ ሰው ይሁን፣ ድምፁ ግን ከአራት አይበልጥም። አንደኛው ዳኛ ሰዳቢ ነው፤ ፊሽካ ሳይነፋ ይጀምራል። ሁለተኛው አሠልጣኝ ነው፤ ተቀያሪ የሚያስገባው በ10ኛው ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ታሪክ ነጋሪ ነው፤ ለማንኛውም ጥፋት መልሱ «ሄንሪ ቢሆን ኖሮ!» የሚል ነው። አራተኛው ሟርተኛ ነው፤ የራሱ ቡድን 3 ለ 0 እየመራ «ይህ ነገር አያምረኝም» ይላል። የቀረው ሰው ከአራቱ በአንዱ ሥር ተሰልፎ «እውነቱን ነው!» ይላል። አዲስ ገብ ተነሥቶ አምስተኛ ድምፅ ላምጣ ቢል፣ የጨዋታውን ሥርዓት ከነአሰላለፉ ሊያስረዳ ቢጀምር፣ ከኋላ «የቆመ ይቀመጥ!» ይባላል። ቁሞ አልነበረም እኮ። ግን ይቀመጣል።

ከአራቱም ጎራ ያልተመደበ አንድ ሰው ብቻ ይኖራል፤ ኪሱ ውስጥ የውርርድ ትኬት ያለው። እሱ የሚያየው ሌላ ጨዋታ ነው። ሰው ሁሉ ጎል ሲያልቅለት እሱ ማዕዘን ምት ይቆጥራል። 88ኛው ደቂቃ ላይ፣ ውጤቱ ካለቀ በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ብድግ ብሎ «ማዕዘን ነው! ማዕዘን ነው!» ብሎ ሲጮኽ፣ ያልገባው ሰው አእምሮውን የነካው ይመስለዋል። የገባው ደግሞ ዝም ብሎ ቦታ ይለቅለታል።

ትዊች ላይ ያሉ ተመልካቾች ከቃል ይልቅ በፊት ይነጋገራሉ ብያለሁ። ከእነዚህ ፊቶች ዝነኛው «ካፓ» ይባላል። የመድረኩ እናት በሆነው ጀስቲን ቲቪ ውስጥ ይሠራ የነበረ ጆሽ ዴሴኖ የተባለ ሰው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ ቢጤ አለች። አንድ ሰው «ዛሬ እናሸንፋለን» ብሎ ጽፎ ከጎኑ ይህን ፊት ከለጠፈ፣ እንደማያሸንፉ ያውቃል ማለት ነው። ሰውየው በሰላም ቢሮ ገብቶ ሲወጣ የዓለም ሁሉ የሽሙጥ ፊት ሆኖ ቀረ።

እኛ ለዚህ ፎቶ አላስፈለገንም። ምላስን ከላንቃ አላቅቆ «ጽ!» ማለት ለሳተ ተጫዋች ይበቃዋል። በአፍንጫ የሚወጣው አጭሩ «እህ!» ለዳኛ ነው። ረጅሙና ወደ መጨረሻው እየወረደ የሚሄደው «አይይይይ» ኳሷ የጎሉን አግዳሚ ስትመታ የሚወጣ ነው፤ ማንም ሳይመራው ቤቱ በሙሉ በአንድ ቁልቁለት ይወርደዋል። ከመንገድ ማዶ ሻይ የምታፈላ እናት ጨዋታውን ሳታይ በእነዚህ ድምፆች ብቻ ውጤቱን ታውቃለች። ትንሽ ቆይታ «ዛሬም ተሸነፉ?» ስትል የሚመልስላት ይጠፋል፤ ሻይ ግን ይገዟታል።

ከሁሉም በላይ አንድ ድምፅ የሚሆነው መብራት ሲጠፋ ነው። አርሰናልም ማንቸስተርም የለም፤ «ኤኤኤ!» ይላል ቤቱ። ተመልሶ ሲመጣ «መጣ!» ይላል። በዚህ ምድር ላይ ያለ ክርክር የጸደቁ ሁለት ውሳኔዎች እነዚህ ናቸው።

ሌላ መከራ ደግሞ አለ፤ ስርጭት ከቤት ቤት እኩል አይደርስም። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ካሉ፣ አንዱ በሳህን ሌላው በኢንተርኔት የሚያይ ከሆነ፣ ጎሉ መጀመሪያ የሚገባው በግድግዳው ነው። እኛ ቤት ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ እየተንከባለለች ሳለ ጎረቤት በጩኸት ይናጋል። አሁን ምን ይደረጋል? ማን እንዳገባ አይታወቅ፤ የማን ደጋፊ እንደጮኸ በድምፁ ቃና ለመለየት ጆሮ ይቀሰራል። አንዱ «የነሱ ሰዎች ናቸው፤ የሳቃቸው አኳኋን ነው» ብሎ ይበይናል። ጎሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቤቱ ቀድሞ አዝኖ ጨርሷል። በውጭዎቹ ውድድሮች ይህን መዘግየት ሆን ብለው ይጨምሩታል፤ ተመልካች ያየውን ለተጫዋች ፈጥኖ እንዳይነግር። እኛ ዘንድ ተንኮሉ በነጻ ነው የሚመጣው።

አሁን የዘመኑ ልጅ «ይህ ሁሉ ያረጀ ነው፤ እኛ ያለነው ላይቭ ላይ ነው» ይለኛል። ልክ ነው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም፣ ጅጋም ደምበጫም ማታ ማታ ስልክ ላይ ነው የሚያመሹት። ሁለት ቲክቶከሮች ባትል ገጥመው ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ላዩ ላይ የሚገፋፋ ቀይና ሰማያዊ መስመር፤ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ። «ስክሪኑን ንኩ! ሼር አድርጉ! ሮዝ የለም እንዴ?» ከሥር ኮመንቱ ይሮጣል። የተሸነፈው ይቀጣል፤ ፊቱ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል ወይም ቁጭ ብድግ ይላል። ስፖርት ነው? እንጃ። ላብ ግን አለው፤ ተመልካቹም ላቡን የሚያወጣው በአውራ ጣቱ ነው።

ይህን አዲስ ነገር የሚል ሰው አዝማሪ ቤት አምሽቶ አያውቅም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ እንግዳው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሌላ እንግዳ ይወጋ እንደሆነ፣ የተወጋው ሰው በተራው ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፍና የመልስ ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው ለሁለቱም ታማኝ ነው፤ የሁለቱንም ስም ያወድሳል፤ ከሁለቱም ይሸለማል። ይህ ባትል ካልሆነ ባትል ምንድን ነው? ቲክቶክ የጨመረው ነገር ግንባሩን ስክሪን ማድረጉ፣ ብሩንም ጽጌረዳና አንበሳ ማድረጉ ነው። ሮዟ አንድ ኮይን ናት፤ አንበሳው 29,999። «አንበሳ ተላከ!» ሲባል ቤቱ እንዴት እንደሚናወጥ ያየ፣ አንበሳው ስክሪኑ ላይ አንዴ አግስቶ እንደሚጠፋም አይቷል። አዝማሪው ቢያንስ ብሩን ከግንባሩ አንሥቶ ኪሱ ሲከት ይታያል፤ እዚህ ግን መንገድ ላይ የመድረኩ ባለቤት የሚበላው ድርሻ አለ።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እውነት ለመናገር እሱ ልቤን ይነካኛል። ባለ ላይቩ በየመሐሉ «ከየት ናችሁ?» ይላል። ያን ጊዜ ባትሉ ተረስቶ ኮመንቱ አገር መቁጠር ይጀምራል። ከሽንዲ። ከማንኩሳ። ከቤይሩት። ከፈረስ ቤት። ከሪያድ። ከዱባይ። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ የቡሬ ልጅ ሌሊት ወጥ ቤት ቁጭ ብላ፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይገዳት «ከቤይሩት፣ የቡሬ ልጅ ነኝ» ብላ ትጽፋለች። ወዲያው ከሥሯ «እኔም የቡሬ!» የሚል ይከተላል። አይተዋወቁም፤ ምናልባትም አይተዋወቁ ይሆናል እስከ መጨረሻው። ጽሑፉ በሦስት ሰከንድ ተገፍቶ ይጠፋል። ልጅቱ ግን ተሰምታለች፤ አስተያየት ልትሰጥ አልነበረም የመጣችው፣ «አለሁ» ልትል ነው።

የተመልካች ቃል ጠባዩ እንዲህ ነው። መልስ ፍለጋ አይደለም የሚነገረው፤ አጃቢ ፍለጋ ነው። «ከኋላህ!» የሚለው ልጅ ተጫዋቹ እንዲዞር አይጠብቅም፤ ከጎኑ ያለው «አዎ፣ ከኋላው!» እንዲለው ነው የሚጠብቀው። ያን ካገኘ ጎሉ ቢገባም ባይገባም ረክቶ ይሄዳል። አስተዋዩ ሰውዬ ዓምዱ ላይም አግዳሚው ላይም የሚሸነፈው ለዚህ ነው። ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ አብሮት የሚለው ሰው ግን የለም። ትክክል መሆንማ ቤት ቁጭ ብሎም ይቻላል።

የተመልካች ቃል በእውነት የታዘዘበት ጊዜ ምን እንደሆነ ያየ ደግሞ ይህን ይበልጥ ያምናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ትዊች ላይ አንድ ሰው «ፖክሞን» የተባለውን የልጆች ጨዋታ ከፍቶ መሪውን ለኮመንት ጸሐፊዎች አስረከበ። ማንም «ላይ» ብሎ ከጻፈ ገጸ ባሕሪው ወደ ላይ ይራመዳል፤ «ግራ» ካለ ወደ ግራ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳተፈ። አንድ ጥማድ በሬ ሺህ ገበሬ በየአቅጣጫው ጅራፍ እያጮኸ ሲነዳው ምን እንደሚሆን ለጃቢ ጠህናን ገበሬ አይነገርም። ምስኪኑ ገጸ ባሕሪ አንድ ጥግ ላይ ለሰዓታት ሲሽከረከር ዋለ፤ ያገኘውን ጣለ፣ የጣለውን ፈለገ። ግን ተመልካቹ አልተበታተነም፤ ይባስ ብሎ በተሽከረከረ ቁጥር ይበዛ ጀመር። ከ16 ቀን በኋላ ጨዋታው አለቀ፤ አሸነፉም። እንዴት እንዳሸነፉ የሚያውቅ የለም፤ «እኔ ነግሬያቸው ነበር» የሚለው ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው።

አፍ ሲበዛ ስድብም ይበዛል፤ የውጭዎቹ ለዚህ አስወጪ ያቆማሉ። ክፉ ቃል የጻፈውን ያስወጣሉ፤ ዓምዱ ሲጋጋል አንድ ሰው በስንት ሰከንድ አንዴ ብቻ እንዲጽፍ ይገድባሉ። ግን እዚያ ሰው የሚገባው በተውሶ ስም ነው፤ «የደጋ ዳሞት ነብር» የሚል ስም ያወጣ ሰው ደጋ ዳሞትን ረግጦ አያውቅ ይሆናል፤ ነብርም አይደለም። የተባረረው ነብር ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንበሳ ሆኖ ይመለሳል።

አግዳሚው ላይ ይህ አይሠራም። እዚያ የተሳደበው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። አስወጪውም ሹመት አይፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። ጨዋታው በተጋጋለበት ሰዓት መጋረጃው ይገለጥና ከነጋቢያቸው አንድ አባት ብቅ ይላሉ። በቅጽበት ዳኛ ሰዳቢው ዝም፣ ታሪክ ነጋሪው ዝም።

«የኔ ልጅ እዚህ ገብቷል?»

«ኧረ አልመጣም፣ ጋሼ!» ይላል ቤቱ፣ ሁሉም በአንድ ቃል።

የማን አባት እንደሆኑ ገና ለማንም በጨለማው አልታየም። ልጁም አብሮ «አልመጣም!» ካሉት አንዱ ነው፤ በድምፁ ነው የተያዘው።

ስድብ ፈቃድ የሚያገኝበት ቀንም አለን። ታኅሣሥ 29 ገና ሲመጣ ሜዳው ላይ ሩር ይወጣል፤ የላይኛው ጎጥ ከታችኛው ጎጥ ይገጥማል፤ በትሩ ከሩሯ ይልቅ ቅልጥም የሚያገኝበት ጊዜ ይበዛል። በዚያን ቀን ጌታም ቢነካ አይቆጣም የሚባለው በከንቱ አይደለም። ያሸነፈው ወገን ማታ በየደጁ እየዞረ ሲጨፍር አውጪው የተሸናፊውን አለቃ ከጠማማ እግሩ እስከ ከሲታ በሬው ድረስ በግጥም ያነሣዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ ያንኑ ደጋግሞ ሳቅ ያስገባበታል። የተነካው ሰው ጠላ ቀድቶ ከማቅረብ በስተቀር ምርጫ የለውም። በማግሥቱ ግን እርሻ ላይ ወንፈል አብረው ናቸው። ስለዚህ ተሳዳቢው ልኩን ያውቃል፤ ጠማማ እግር ይነካል፣ የሞተ ልጅ አይነሣም። ላይቭ ላይ ያጣነው ይህን ማግሥት ነው። ነብሩ ማግሥት የለውም፤ ከማንም ጋር አያጭድም።

ላይቩ ራሱ የጠፋበት ጊዜም ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ስለዚያ ጊዜ የሚባለው ብዙ ነው፤ በወግ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ላይቭ የለመደ አውራ ጣት ሥራ ፈታ። ሳህኑ ግን ከሰማይ ይቀበል ነበርና፣ መውጣት በተቻለበት ሰዓት ሰው እንደገና ወደ አግዳሚው ተመለሰ። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነገር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በውጭው ዓለም ከሆነው ጋር ሲተያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ዶታ 2» የተባለው ጨዋታ ትልቁን ውድድር ቡካሬስት ላይ አዘጋጀ፤ ሽልማቱ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች እንዳይገባ ተወሰነና የተሸጠው ትኬት ገንዘብ ተመለሰ። ተጫዋቾቹ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተፋለሙ፤ ጭብጨባው ሁሉ ዓምዱ ላይ ተጻፈ። እነሱ አግዳሚው ተዘግቶባቸው በዓምድ ጮኹ፤ እኛ ዓምዱ ተዘግቶብን በአግዳሚ ጮኽን። አፍ መውጫ ሲያጣ ዞሮ ይወጣል።

እንግዲህ ከማላውቀው ነገር ልራቅና የማውቀውን አንድ ምክር ልስጥ። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ደርሳችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገቡ፣ ጨዋታውን ባታውቁት ምንም አይደለም። አግዳሚው ላይ ጠጋ በሉ። ከጎናችሁ ያለው «ጽ!» ሲል «ጽ!» በሉ፤ «አይይይ» ሲጀምር አብራችሁት ውረዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሱፍ የያዘ ልጅ ለእናንተም ይቆነጥርላችኋል። ትንታኔ ግን አደራ እንዳትጀምሩ፤ የቆመ ይቀመጥ ይባላል።

ማንን መደገፍ እንዳለባችሁ ግራ ከገባችሁ ደግሞ ዳኛውን ስደቡ። ዳኛው ማሽን ነው፤ ዘመድ የለው፣ ጎጥ የለው፣ ከማንም ጋር አይወግን። ቢሆንም ቤቱ በሙሉ «ተገዝቷል!» ብሎ በአንድ ድምፅ ይፈርድበታል። በስንት እንደተገዛም የሚያውቅ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር አይጠፋም።